እንግዶቼ ሁሉ ከአንድ ገበታ የበሉበት ራት

በእኛ አገር እንግዳ ሲጠራ የሚጠየቀው «ትመጣለህ ወይ?» ነው እንጂ «ምን አትበላም?» አይደለም። የቀረበለትን የሚበላ ሰው ጨዋ ይባላል፤ ያልበላ ደግሞ የቤቱን እመቤት ያስቀይማል። በዚህ የተነሣ ስኳር ያለበት ሰው ጠጁን ይጎነጫል፣ ጨጓራ ያለበት ሰው ቀይ ወጡን ይውጣል፣ ሌሊቱንም ሲገላበጥ ያድራል። ባለፈው ታኅሣሥ ልደታ ኮንዶሚኒየም በሚገኘው ቤታችን ያዘጋጀሁት ራት ግን በይሉኝታ የሚታለፍ አልነበረም። ወንድሜ ከነባለቤቱ ከውጭ አገር መጥቶ ነበር፤ ባለቤቱ ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ስላለባት ስንዴና ገብስ በትንሹም ቢሆን ይጎዷታል። አማቴ ጾም አጥባቂ ናቸው፣ ወሩም የጾመ ነቢያት ነበር። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባና ሚስቱ ሙስሊሞች ናቸው። አጎቴ ኢንሱሊን የሚወጉ የስኳር ታማሚ ናቸው። የጓደኛዬ ትንሽ ልጅ ለውዝ ከቀመሰ ፊቱ ያብጣል። ጓደኛዬ ራሷ ጨጓራ አለባት፤ የአዲስ አበባ ሰው ሆኖ ጨጓራ የሌለበት ካለ ደግሞ ብተዋወቀው ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ስልክ መደወል ነው። «የማትወደው ምግብ አለ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ መልሱ ሁልጊዜ «ኧረ ምንም ቢሆን እበላለሁ፣ ራስሽን አታስቸግሪ» ነው። እኔ የምጠይቀው «ሐኪም የከለከለህ ነገር አለ?» ብዬ ነው። ሰው በራሱ አፍ «ይህን አልበላም» ማለት ቢያፍር በሐኪሙ ማመካኘት አያፍርም። ስለ ባሎች ደግሞ ሚስቶቻቸውን ጠይቁ። አጎቴ «እኔ ምንም አልልም፣ ደህና ነኝ» ብለው ስልኩን ከዘጉ በኋላ ባለቤታቸው መልሰው ደወሉልኝና መርፌው በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ፣ ምን ያህል እንጀራ እንደሚበቃቸው፣ የትኛውን መጠጥ ከፊታቸው ማራቅ እንዳለብኝ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ስለ ጾም ግን «ትጾማለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ አልወድም፤ የሰውና የፈጣሪው ጉዳይ ነው። «የጾም ነው የማዘጋጀው» ብሎ መናገር ይበቃል፤ የማይጾም ሰው የጾም ምግብ በልቶ አይታመምም።

ክልከላ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ቀድሞ መለየት ብዙ ድካም ያቀላል። ለውዝና ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) ቅንጣቱም አይፈቀድም፤ «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። ስኳርና ጨው የመጠንና የሰዓት ጉዳይ ናቸው። ጾምና ሃላል ደግሞ የእምነት ጉዳይ ናቸው፤ እንግዳው የበላው ነገር ከየት እንደመጣ አምኖ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ምግቡ ሲቀርብ ሳይጠየቁ መናገር ጥሩ ነው፦ «ቅቤ የነካው የለም፣ ሥጋም በቤቱ አልገባም።» ይህን ስትሉ እንግዳው በእርጋታ እጁን ይታጠባል።

ሥጋን በተመለከተ ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ክርስቲያኑ የሙስሊም ዕርድ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን ዕርድ አይበላም፤ የአዲስ አበባ ሥጋ ቤቶችም መስቀልና ጨረቃ በራፋቸው ላይ የሚለጥፉት ለዚሁ ነው። በወሎ ሠርግ ሲሆን ለሙስሊም እንግዶች በጉ በነፍሱ ይሰጣቸዋል፤ ራሳቸው አርደው በራሳቸው ድስት ያበስላሉ፣ ከዚያ ሁሉም አብሮ ይጨፍራል። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት በግ ማረድ ግን የሚታሰብ አይደለም። ወቅቱ የፍስክ ቢሆን ኖሮ ዓሣ አቀርብ ነበር፤ ዓሣ ዕርድ ስለማይፈልግ ሁለቱንም ያገናኛል። በጾም ግን ዓሣን የሚበሉም የማይበሉም ስላሉ አማቴ ፊት ላቀርበው አልደፈርኩም። ጾሙ ራሱ ችግሩን ፈታልኝ። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ድረስ የሚጋብዝ ሰው ገበታውን ሁሉ የጾም ቢያደርገው ጾመኛውም፣ ሙስሊሙም፣ ሥጋ የማይበላ የውጭ አገር ሰውም አንድ ላይ ይበላሉ። ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ሁሉ የማይበሉት፣ ቪጋን የሚባሉት፣ ማርም እንደማይቀምሱ ብቻ አስታውሱ፤ ለእነሱ ብርዝና ጠጅ አይሆንም። በነገራችን ላይ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ በእነዚያ ቀናት «የጾም ብቻ» ብላችሁ ብታቀርቡ ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮ ሲበላ የከረመ እንግዳ ቅር ይለዋል። በ2017 ዓ.ም. እንደሆነው ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲገጣጠሙ ደግሞ ከሁሉም ይቀላል፤ ራቱን በማፍጠሪያ ሰዓት አድርጎ ቴምር ማስቀደም ነው።

የጾም ገበታ ሲባል ግን ድስቱም የጾም መሆን አለበት። የቅቤ ሽታ ከእንጨት ማማሰያ በቀላሉ አይለቅም፤ አማቴም ሽታውን ከበር ላይ ሆነው ያውቁታል። ለጾም ብቻ የማስቀምጣቸው ሁለት ድስቶችና ማማሰያ አሉኝ። የሌላችሁ አዲስ ማማሰያ ግዙ፤ ዋጋው ከሐሜት ይረክሳል።

ከሁሉም ያደከመኝ እንጀራው ነው። ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ይህን ስለሚያውቅ «ኢትዮጵያ ገባሁ፣ እንጀራ እንደ ልቤ» ብሎ ነው የሚመጣው። ከሱቅ የሚገዛ እንጀራ ግን ንጹሕ የጤፍ ስለመሆኑ ማን ይመሰክራል? የጤፍ ዋጋ ከናረ ወዲህ ሩዝ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ገብስና ፉርኖ ዱቄት ይቀላቀልበታል። ሩዙ፣ ማሽላውና በቆሎው ሴሊያክ ላለበት ሰው ጉዳት የላቸውም። ገብሱና ፉርኖው ግን አንጀቱን ያቆስሉበታል፤ በሽታውም ዕድሜ ልክ ግሉተን ከመተው በቀር ሌላ መድኃኒት የለውም።

ስለዚህ ጤፉን ከእህል በረንዳ ራሴ ገዛሁት። ጥሬውን በነጭ ጨርቅ ላይ በተን አድርጋችሁ ብትመለከቱት በመካከሉ የስንዴና የገብስ ፍሬ አይጠፋም፤ በአንድ አውድማ ከተወቃ ወይም ስንዴ በነበረበት ጆንያ ከተሞላ ይደባለቃል። ጤፍ ደቃቅ በመሆኑ ግን በወንፊት ሲነፋ እሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ትልልቁ ፍሬ ከላይ ይቀራል። ሥራው የሚያስፈራውን ያህል አይከብድም። ወፍጮ ቤት ስደርስ ከእኔ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠየቅሁ፤ ባለወፍጮው «ስንዴ» አለኝ። ከኋላዬ ጤፍ ይዘው ለተሰለፉ ሴቶች ተራዬን ለቅቄ እነሱ ካስፈጩ በኋላ ገባሁ፤ መጀመሪያ የወረደውንም ዱቄት ለብቻው ያዝኩት፣ ለቤት ይሆናል። በአዲስ አበባ ወረፋውን በፈቃዱ የሚለቅ ሰው ስለማይታይ ሴቶቹ በጥርጣሬ ነበር ያዩኝ፤ አንዷማ ጤፌን ዘግና አየችው፣ ምን እንደደበቅሁበት ልታውቅ።

እርሾም እንዲሁ ነው። ከጎረቤት መዋስ የተለመደ ቢሆንም የጎረቤት እርሾ ገብስ ከተቀላቀለበት ሊጥ የተረፈ ሊሆን ይችላል። ዱቄቱን በውሃ ብቻ አቡክቼ በራሱ ጊዜ እስኪኮመጥጥ ጠበቅሁት፤ እርሾ ያልገባበት ሊጥ ስለሚዘገይ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ምጣዱን በተመለከተ ዳቦና የገብስ እንጀራ የማይጋገርበትን መረጥኩና ደህና አድርጌ አሰስኩት።

ለእሷ ብቻ ለይቶ መጋገር፣ ለሌላው የሱቅ ማቅረብ ድካም የሚቀንስ ይመስላል። እኛ ግን በእጃችን ነው የምንበላው፤ ከአንድ ትሪ እንቆርሳለን፣ እንጎራረሳለን። የሱቅ እንጀራ የቆረሰ እጅ ወጡን ከነካው የእሷ ንጹሕ እንጀራ ምን ይጠቅማል? በተጨማሪም አገሯን ናፍቃ የመጣችን ሴት ጥግ ላይ በሰሃን ማብላት ቅጣት ነው። ለሁሉም ያንኑ ጋገርኩ፣ ዳቦም ሆነ ሳምቡሳ ቤቴ አላስገባሁም። ከዚህ ሁሉ የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ በተቻለ መጠን ገበታውን ለባለ ከባዱ ክልከላ አስተካክሉት እንጂ ሰውየውን ከገበታው አትለዩት።

ግሉተን በማይጠበቅ ቦታም ይደበቃል። ሽሮው በምን ወፍጮ ተፈጨ? በርበሬውስ? ለዓመት ያዘጋጀሁት ሽሮ ከስንዴ ጋር በተራ የተፈጨ ስለነበር ለዚያ ቀን አልተጠቀምኩበትም፤ ሽምብራ በቤት መፍጫ ፈጨሁ። የታሸገ የሾርባ ቅመም የምትወዱ ካላችሁ ጀርባውን አንብቡ፤ ስንዴም የእንስሳ ስብም ሊኖርበት ይችላል፣ ያኔ ሁለት እንግዶች በአንድ ጊዜ አጣችሁ ማለት ነው። ጠላና ቢራ ብቅል ስላላቸው ለእሷ አይሆኑም። ጠጅ ከማርና ከጌሾ የሚጣል በመሆኑ ይስማማታል፣ ነገር ግን ጠጅና ብርዝ በአንድ ዓይነት ማንቆርቆሪያ እንዳይቀርቡ ተጠንቀቁ፤ ሙስሊም እንግዳ በስህተት ቢቀዳለት ምንም ባይናገር እንኳ ምሽቱ ይበላሽበታል። እኔ ጠጁን ተውኩት። ውሃ፣ አምቦ ውሃ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ያለበት ሻይ፣ ለፈለገም ብርዝ ነበር፤ ማንም «መጠጥ የለም እንዴ?» አላለም።

የጾም ምግብ ሆኖ የክብር እንግዳ ፊት የሚቀርበው የሽምብራ ዓሣ ነው። የሽምብራውን ዱቄት በዘይት፣ በጨውና በቅመም ጠንከር አድርጎ ማሸት፣ በቢላዋ የዓሣ ቅርጽ ማውጣት፣ ጠብሶ በተቁላላ ሽንኩርትና በርበሬ ወጥ ውስጥ መክተት ነው። ገበያ ላይ የተፈጨው የሽምብራ ዱቄት ፉርኖ ሊገባበት ስለሚችል ይህንንም ከቤት መፍጫው አወጣሁት። ወጡ ውስጥ ሲገባ ውሃ እየጠጣ ስለሚያብጥ መረቁን ቀጠን አድርጉት፤ አለዚያ ሲቀርብ ገንፎ ይሆናል። ከእሱ ጋር ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶልያ በካሮትና ቀይ ሥር አቀረብኩ። አልጫው ለጓደኛዬ ጨጓራ ነው። ክኩን ደግሞ ጨው ሳልጨምርበት አብስዬ ጨዉን ለብቻ አቀረብኩ፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው በየገበታው አይጠፋም። በርበሬና ሚጥሚጣ ሲዘጋጁ ጨው ስለሚገባባቸው ቀይ ወጥን «ጨው የለበትም» ብሎ ማቅረብ ራስን ማታለል ነው።

ለውዙን በተመለከተ ውሳኔው ቀላል ነበር፤ ከቤት ጠፋ። ለውዝ ሻይ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ቆሎ ውስጥ የገባ ለውዝ፣ ሁሉም ለጎረቤት ተሰጠ። ዘይቱንም የታሸገ የሱፍ አበባ ገዛሁ፤ በየሰፈሩ በሚጨመቀው ዘይት መጭመቂያው ከኑጉ በፊት ለውዝ ጨምቆበት እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ከባዱ አማቴን ማሳመን ነበር።

«ለውዝ ደግሞ ሰው ያሳምማል? እኛ በለውዝ አይደል እንዴ ያደግነው» አሉኝ ቀድመው በመጡበት ከሰዓት።

«እማማ፣ እርስዎ ጤነኛ ስለሆኑ ነው። ልጁ አንዲት ፍሬ ከበላ ጉሮሮው ይዘጋል፣ መተንፈስ ያቅተዋል።»

ዝም ብለው ቆዩና ነጠላቸውን አራግፈው ኪሳቸውን ፈተሹ። ለልጁ ብለው በወረቀት ጠቅልለው ያመጡት የተቆላ ለውዝ ነበር። ወረቀቱን ሰጡኝና እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ ማንም ታጠቡ አላላቸውም። ከዚያ በኋላ ምሽቱን ሙሉ የልጁ ዘበኛ እሳቸው ሆኑ። ሽማግሌን የሚያሳምነው «አለርጂ» የሚለው ስም አይደለም፣ ምን እንደሚሆን በግልጽ መንገር ነው። የልጁንም እናት መድኃኒቱን የት እንዳስቀመጠች ገና ሲገቡ ጠየቅኋት። ከንፈር ሲያብጥ፣ ሰውነት ሽፍ ሲል፣ ትንፋሽ ሲያጥር «እስቲ ትንሽ እንየው» አይባልም፤ መድኃኒቱን ሰጥቶ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው።

የአጎቴ ጉዳይ ከምግቡ ይልቅ የሰዓት ጉዳይ ነበር። በአዲስ አበባ ራት ለአሥራ ሁለት ሰዓት ተጠርቶ ገበታው ለሁለት ሰዓት ሲቀርብ የሚገርመው የለም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን መርፌውን ወስዶ ምግቡ ከዘገየበት ስኳሩ ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይምታታል። ሰካራም ነው ተብሎ የሚታለፍም አለ። ምልክቱ ከታየ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ወይም ስኳር ያለበት ለስላሳ ግማሽ ብርጭቆ መስጠት፣ ሩብ ሰዓት ጠብቆ ካልተሻለው መድገም፣ ከዚያ ምግብ ማብላት ነው። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም እንዳትሰጡት፤ ወደ ሐኪም ነው የሚሮጠው። ስለዚህ እንግዳ ቢጎድልም የአጎቴ ራት በሰዓቱ እንደሚቀርብ ከባለቤታቸው ጋር ተስማማን፤ መርፌውንም ሰሃኑ ፊታቸው ከተቀመጠ በኋላ ወሰዱ። ለየት ባለ ሰሃን የበሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ከትሪ የሚበላ ሰው የበላውን እንጀራ መጠን አያውቅም፣ እሳቸው ደግሞ ማወቅ አለባቸው። ጤፍም ቢሆን እንጀራ እንጀራ ነው፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል። ጎመኑና ምስሩ በርከት ብለው እንጀራው ሲያንስ ጥጋቡም ስኳሩም ይስተካከላል። የዘገዩት እንግዶች ሲገቡ አጎቴ ጨርሰው ወሬ ይዘው ነበር፤ ማንም እንደ ነውር አልቆጠረውም።

አሁን ወደ ጉርሻ። ክልከላ ያለበትን ሰው ከወጥ በላይ የሚያስጨንቀው «በሞቴ» ነው። አፍ ፊት የቀረበን ጉርሻ መመለስ እንዴት ይቻላል? ገበታው ሳይቀርብ ባለቤቴ ተነሥቶ «ዛሬ ጉርሻ የሚሰጥ ከትሪው እንጂ ከሰሃን አይስጥ፣ ለጋሼም በሞቴ የሚል የለም፤ የከለከላቸው ሐኪማቸው ነው» አለ፣ በሳቅ አዋዝቶ። ይህን መናገር ያለበት የቤቱ ባለቤት ነው እንጂ እንግዳው አይደለም። የወንድሜ ሚስት ጉርሻ የጎረሰችው ያለ ፍርሃት ነበር፤ ትሪው ላይ የነበረው ሁሉ ለእሷ የተሠራ ነውና። ጎርሳ ጎርሳ በመጨረሻ «በቃኝ» ያለችው እንደ ማንኛውም ሰው ጠግባ ነው።

ጥንቃቄ የሚላላው ራቱ አልቆ ቡናው ሲፈላ ነው። ሁሉም ዘና ይላል፣ ቆሎው ይዞራል። ቆሎ ደግሞ ገብስ ነው፣ ለውዝም ይቀላቀልበታል፤ ሁለቱን ክልከላ በአንድ ሰሃን ይዞ ይመጣል። እኔ ፈንዲሻና የተቆላ ሽምብራ አቀረብኩ፣ ፈንዲሻው ላይ ስኳር ሳልነሰንስ። ቡና የምትቀዳውን ልጅ ደግሞ ስኳሩን ቀድማ ሲኒ ውስጥ እንዳትጨምር፣ ለብቻው እንድታዞር ነገርኳት። የወተትና የቅቤ ነገርም ቡና ላይ አይቅረብ፤ ጾም ነው።

ሌላው አደጋ እንግዳው ይዞት የሚመጣው ነው። ኬክ ሲሆን እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴ፣ ስኳር፣ ምናልባትም ለውዝ በአንድ ሳጥን ገባ ማለት ነው። «ምን ላምጣ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ «አንተ ብቻ ና» አትበሉ፣ ማንም ባዶ እጁን አይመጣም። ሙዝ፣ ብርቱካን ወይም ፓፓያ በሉ። ከተነገራቸው ሁሉ አንድ ሰው አሁንም ኬክ ይዞ መጣ። አመስግኜ ተቀበልኩትና ሳጥኑን ሳልከፍት ወጥ ቤት አስቀመጥኩት፤ ጠዋት ለግቢው ጥበቃዎች ሰጠሁ።

የተረፈውን ስትቋጥሩላቸው የእያንዳንዱን ለየብቻ አድርጉ። ለወንድሜ ሚስት የያዝኩላትን እንጀራ በአዲስ ፌስታል ጠቅልዬ ስሟን ጻፍኩበት፤ አለዚያ ባረፉበት ቤት ከሌላው እንጀራ ጋር ይቀላቀልና የወፍጮ ቤቱ ወረፋ ሁሉ በከንቱ ይቀራል። በማግስቱ ደውዬ ሆዷን ጠየቅኋት፤ ግሉተን የሚያስከትለው ሕመም ወዲያው ላይታይ ስለሚችል መደወሉ ደግ ነው። ደህና ማደሯን ነግራኝ ሁለተኛው ጥያቄዋ ጤፉን ከየት እንደገዛሁት ነበር፤ ቅዳሜ እህል በረንዳ አብረን እንሄዳለን።